ለመንገደኛ ሁሉ የተነገረ ፍቅር

ወንጌላዊትና ይበልጣል የተዋወቁት በአንድ እግራቸው የራሳቸውን ጫማ፣ በሌላው የሰው ነጠላ ጫማ አድርገው ነው።

ቦታው አራዳ ገበያ መግቢያ ላይ ያለችው የአያ እንኳየሁ ጫማ መስፊያ ነበረች። ወንጌላዊት ወደ ሥራ ስትሄድ፣ ገና ከታክሲ እንደ ወረደች፣ የግራ ጫማዋ ማሰሪያ ተበጠሰ። ይበልጣል ደግሞ ከገጠር የተመለሰ ቦት ጫማው በቀኝ በኩል አፉን ከፍቶበት መጥቷል። አያ እንኳየሁ ለደንበኛ የሚያውሱት ነጠላ ጫማ አንድ ጥንድ ብቻ ስለነበር ግራውን ለእሷ፣ ቀኙን ለእሱ ሰጥተው አንዲት አጭር አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

ወንጌላዊት ስልኳን አወጣች።

«እህቴ፣» አለ ይበልጣል፣ «ጫማችን ተሰፍቶ እስኪያልቅ የትም አንሸሽም። እስከዚያ ብናወራ ምን ይመስልሻል?»

«የማላውቀውን ሰው አላወራም።»

«እኔም አላውቅሽም። እኩል ነን።»

አያ እንኳየሁ ወስፌያቸውን ከቆዳው ሳይነቅሉ ሳቁ። «እሱ እንዲህ ነው፤ ባለፈው መጥቶ እኔን ሲያጫውት ውሎ፣ ሲሄድ የባለቤቴን የትውልድ መንደር ሳይቀር አውቆ ነው የሄደ።»

ይበልጣል የውኃ መሐንዲስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ከዓመቱ ግማሹን ግን የሚያሳልፈው በወገራና በደባርቅ ደጋ ምንጭ እያጠና ነው። ሰው የማናገር ልማዱም ከዚያ የመጣ ነው። ሥራ በጀመረ ሰሞን መሣሪያውን ተሸክሞ ምንጭ ፍለጋ አንድ ሸለቆ ውስጥ ሲንከራተት ዋለ። ማታ ላይ ደክሞት አንዲት እንጨት ለቃሚ ሴትዮ ሰላም ቢል፣ «ምነው ቀን ሳትጠይቀኝ?» ብላ ከቆመበት ድንጋይ ጀርባ ያለውን ምንጭ አሳየችው። ከዚያ ወዲህ አጠገቡ የተቀመጠን ሰው ሳያናግር መነሣት ውኃ ረግጦ ማለፍ መስሎ ይታየዋል። ይህንኑ ለወንጌላዊት ነገራት።

«አንቺስ ከሰው ጋር አታወሪም?» አላት።

«ቀኑን ሙሉ ሳወራ ነው የምውል። ፋርማሲ ነው የምሠራው።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

«በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ።»

ይበልጣል ከት ብሎ ሳቀ። ወንጌላዊት ቀልድ መናገሯ አልነበረም፤ እውነቷን ነው የተናገረችው። ግን ሳቁን ስትሰማ እሷም ሳቀች። የእሷ ጫማ ቀድሞ አለቀ። ከፍላ መሄድ ትችል ነበር፤ ሥራም ረፍዶባታል። የእሱ እስኪያልቅ ተቀመጠች። ለምን እንደ ተቀመጠች ግን ያን ቀን ሙሉ ለራሷ ማስረዳት አቃታት።

*

ወንጌላዊት የመሪጌታ ገብረ ኪዳን ልጅ ናት። መሪጌታ የድጓ መምህር ናቸው፤ ፀዳ ከሚገኝ ደብር አጥር ሥር በተሠራች ቤት ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ያስተምራሉ። እሷ ልጅ ሳለች እናቷ ስላረፈች ቤቱን የምትይዘው ወንጌላዊት ናት። በዚያ ቤት ድምፅ አይታጣም፤ ዜማው ከማለዳ እስከ ምሽት ነው። ወግ ግን ብርቅ ነበር። ልጅት አንገቷን ደፍታ መሄድ እንጂ መንገድ ለመንገድ ማውራት አልለመደችም።

ከይበልጣል ጋር መገናኘት ከጀመረች በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ ተለወጠ። አንድ ቀን ለአንዲት ባልቴት የደም ግፊት መድኃኒት ሰጥታ፣ ያችኑ የተለመደች ቃል ከተናገረች በኋላ፣ «ከማን ጋር ነው የሚኖሩ እናቴ?» አለቻቸው። ባልቴቷ መስኮቱን ይዘው ረጅም ጊዜ ቆሙ። ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ የመድኃኒቱን ጽሑፍ የሚያነብላቸው እንደሌለ፣ ክኒኑን በቀለሙ እየለዩ እንደሚውጡ ነገሯት። በማሸጊያዎቹ ላይ ቀይ ክርና ነጭ ክር አሰረችላቸው፤ ቀይ የጠዋት፣ ነጭ የማታ። በሌላው ሳምንት ባልቴቷ ከጓሯቸው የነቀሉትን አንድ እቅፍ ነጭ ሽንኩርት ይዘው መጡ። ፋርማሲው ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሸተተ። ወንጌላዊት ይህን ለይበልጣል ስትነግረው ፊቷ በርቶ ነበር።

ታክሲ ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ እንፍራንዝ ድረስ አብረው በሄዱባት ቅዳሜ፣ ይበልጣል ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ያወራል። እሷ ከጎኑ ሆና ታዳምጣለች። በወጉ መሐል ዓይኑ ለአፍታ ወደ እሷ ዞር ብሎ ይመለሳል፤ መኖሯን ለማረጋገጥ ያህል። ያችን ዞር ማለት መጠበቅ ጀመረች። አንዳንዴ ስትዘገይባት ልቧ ይመታል። በዚህ ነው እንደ ወደደችው ያወቀች።

ይበልጣል ለወይዘሮ ሸዋረጋ አንድ ልጅ ነው። አባቱ ሐኪም ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል። ወይዘሮ ሸዋረጋ ለብዙ ዓመታት የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነው ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ማራኪ ካለው ቤታቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ የአባትና የልጅ የምረቃ ፎቶግራፎች በተርታ ተሰቅለዋል፤ ለምራትየዋ የሚሆን ቦታም በሐሳባቸው ለይተው አስቀምጠዋል። እሷም በምረቃ ጥቁር ካባ መሆን አለባት።

አንድ እሑድ፣ እንግዶች ባሉበት ምሳ ላይ፣ ይበልጣል ስለ ወንጌላዊትና ስለ አባቷ ተናገረ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«በየደጁ ቁራሽ ለምኖ ካደገ ሰው ቤት እኔ ልጅ አላመጣም፤» አሉ።

እንግዶቹ ሁሉ ወደ ይበልጣል ተመለከቱ። ከማያውቀው ሁሉ ጋር የሚያወራው ሰው፣ እናቱ ፊት አፉ ተዘጋ። ውኃ ጠጣ። ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

ከእንግዶቹ አንዷ የመሪጌታ ደብር ምእመን ነበረች። ቃሉ ሳምንት ሳይሞላው ፀዳ ደረሰ፤ የልጁ ዝምታም አብሮት ደረሰ። መሪጌታ ገብረ ኪዳን ይህን የሰሙ ቀን ተማሪዎቻቸውን ቀድመው አሰናበቱ። ወንጌላዊት ይህን ስታይ ወጥታ ለይበልጣል ደወለች።

«እናትህ ስለ አባቴ ያለችውን ሰምቻለሁ። አንተ ምን አልክ?»

ይበልጣል መዋሸት አይችልበትም። «ምንም አላልኩም፤» አላት።

«ደግ። እኔም ከእንግዲህ ምንም አልልም።»

ከዚያ በኋላ ቢደውል አታነሣም፤ ፋርማሲው ድረስ ቢመጣ ሌላ ሰው ወደ መስኮቱ ትልካለች። ክረምቱ ሲገባ ይበልጣል ሥራ አለኝ ብሎ ደባርቅ ከረመ። ወንጌላዊት የደንበኞቿን ስምና ኑሮ መጠየቅ አላቆመችም። ብቻ ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ቀኑን የሰማችውን የምትነግረው ሰው እንደሌለ ትዝ ሲላት፣ ታክሲው መስኮት ላይ ግንባሯን አስደግፋ ዓይኗን ትጨፍናለች።

*

የመስከረም አበባ በየአጥሩ በታየ ሰሞን፣ ለመሪጌታ ገብረ ኪዳን የቀኝ ዓይናቸው ሞራ በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። በማግሥቱ ፋሻው የሚፈታበት ጠዋት ነበር። ወንጌላዊት ሆስፒታል አምጥታ የዓይን ክፍሉ ደጅ ካለ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸውና የሚጨመርላቸውን ጠብታ ልትገዛ ሄደች። ግራ ዓይናቸውንም ሞራ ስለ ጋረደው፣ ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚለዩት አልነበረም። ከጎናቸው የሰው ኮቴና የሽቱ ሽታ መጥቶ ተቀመጠ።

«ከጎኔ ያሉት ማነዎት?» አሉ መሪጌታ።

የተቀመጡት ወይዘሮ ሸዋረጋ ነበሩ፤ የዓይን ግፊታቸውን ሊታዩ መጥተው ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ተደርጎባቸዋል። ወረፋ ቦታ ሲቀመጡ ስልካቸውን ማንበብ ልማዳቸው ነው። አሁን ግን ፊደሉ ሁሉ ጉም ሆኖባቸዋል፤ ጊዜውን የሚያሳልፉበት ሌላ ነገር አልነበራቸውም።

«ታካሚ ነኝ፣ እንደርስዎ።»

«እግዜር ይማርዎ እመይቴ። ወረፋው የት ደረሰ?»

«እኔም አላይም። ከጎኔ አንድ ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«እሱ ጥምጣሜ ነው።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ፈገግ አሉ። «ቄስ ነዎት አባቴ?»

«መሪጌታ ነኝ። ድጓ አስተምራለሁ፤ ዜማ ነው። ከፊደሉ በላይ እንደ ጉንዳን የሚያህሉ ምልክቶች ይጻፋሉ፣ ዜማውን የሚመሩ። መጀመሪያ የጠፉብኝ እነሱ ናቸው። ተማሪዎቼ እንዳያውቁብኝ በቃሌ እያዜምኩ መጽሐፉን እገልጥ ነበር።»

«አላወቁብዎም?»

«አንድ ቀን ዘቅዝቄ ይዤው ስገልጥ ዋልኩ አሉ።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ጮክ ብለው ሳቁ። የሳቃቸው ድምፅ ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። እሳቸውም አስተማሪ እንደ ነበሩ ተናገሩ። ከዚያ፣ ሊናገሩት ያላሰቡት ነገር ከአፋቸው ወጣ።

«ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱ ደወል ይሰማኛል። ቤቴ ሩቅ ነው፤ ከዚያ ሊሰማ አይችልም። እኔ ግን ሰምቼ ብድግ እላለሁ። ተነሥቼ ለብሼ፣ የምሄድበት ስለሌለ ተመልሼ እቀመጣለሁ።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለልጆችዎ ነግረዋቸዋል?»

«አንድ ነው ያለኝ። እሱም ርቋል። ቢኖርም አልነግረውም።»

«ለእኔ ነገሩኝ እኮ።»

«እርስዎንማ አላውቅዎትም።»

ሁለቱም ሳቁ። ነርሷ ወጥታ የሌላ ሰው ስም ጠራች። መሪጌታ በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው እጃቸውን አሳረፉበት።

«እውነት ነው፤ ከማያውቁት ሰው የሚገኝ ነገር አለ። ልጅ ሆኜ ከጃናሞራ ወጥቼ ደበሎ ለብሼ ስማር፣ በየደጁ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› እያልኩ ለምኜ ነው ያደግሁ። ሰጪው ደግ ነበር፤ የሚሰጠው ግን ዝም ብሎ ነው። ወገራ ላይ አንዲት ሴት ብቻ ቁራሹን ሰጥታኝ ገብታ በሯን በመዝጋት ፈንታ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ‹ስምህ ማነው? እናትህ ማን ትባላለች? ትናፍቅህ የለ?› አለችኝ። አለቀስኩ። ከቤት ከወጣሁ ስለ እናቴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረምና። በዚያ ዘመን የበላሁትን እህል ሁሉ ረስቼዋለሁ እመይቴ። ያችን ሴት ግን በጸሎቴ ሳልጠራት የዋልኩበት ቀን የለም፤ ስሟን ስለማላውቀው ‹የጠየቀችኝ› ነው የምላት።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ።

«አሁን በቅርቡ ደግሞ፣» ቀጠሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ፣ «አንዲት ሴት ‹ለምኖ ካደገ ሰው ቤት ልጅ አላመጣም› አለች። እውነት ነው፤ ለምኜአለሁ። በእውነት ነገር ምን መልስ አለ? እኔን አላሳፈረችኝም። ወንጌላዊት ልጄ ግን የሰማች ቀን ድንች ስትልጥ አየኋት። ያን ጊዜ ትንሽ ትንሽ አይ ነበር። ልጣ ጨርሳ የተላጠውን ደግማ ትልጠው ጀመር። ያ ነው የጎዳኝ።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ በድን ሆኑ። ስሙን በሚገባ ሰምተውታል።

የመውጫው በር ብርሃን ከፊታቸው ይታያቸዋል። ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ ነው። ሰውየው ዓይናቸው ታስሯል፤ የእሳቸውን መልክ አያዩም፤ እሳቸው ተነሥተው ቢሄዱ ሰውየው ለዘላለም ማንነታቸውን አያውቁም። ወይዘሮ ሸዋረጋ ቦርሳቸውን ይዘው ከአግዳሚው ከፍ አሉ።

«እመይቴ፣ ሄዱ?»

ተመልሰው ተቀመጡ።

«አልሄድኩም። መሪጌታ... ያችን ሴት አውቃታለሁ።»

«እንዴት?»

«እኔ ነኝ።»

«ገብረ ኪዳን!» ብላ ነርሷ ተጣራች። መሪጌታ ቀስ ብለው ተነሡ። ነርሷ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው።

ወይዘሮ ሸዋረጋ በሕይወታቸው ብዙ ተማሪዎችን ከቢሯቸው ደጅ አስጠብቀው ያውቃሉ። ከውጭ ያለው መጠበቅ ይህን ያህል እንደሚከብድ ግን አያውቁም ነበር።

መሪጌታ ሲወጡ ፋሻው ተፈቷል፤ ዓይናቸው ቀልቶ ያነባል። አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። መጥተው ቀድሞ የነበሩበት ቦታ ተቀመጡ።

«በድምፅዎ ረጅም ሴት መስለውኝ ነበር፤» አሉ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ሊስቁ ሲሉ እንባቸው ቀደማቸው። «ይቅር ይበሉኝ መሪጌታ።»

«ልጄን ያስለቀሰች ሴት አለች፤ እኔን ያጫወተች ሌላ ሴት አለች። ሁለቱን አንድ ለማድረግ ጊዜ ይስጡኝ፤» አሉ መሪጌታ። ከጎናቸው ግን አልተነሡም።

ወንጌላዊት ጠብታውን ይዛ ስትመጣ ያየችው ይህን ነው፤ አባቷና የይበልጣል እናት አንድ አግዳሚ ላይ፣ ሁለቱም ዓይናቸውን እያበሱ። ወይዘሮ ሸዋረጋን በፎቶግራፍ ታውቃቸው ነበር። ወይዘሮዋ ተነሥተው የሆነውን ሁሉ ነገሯት፤ ምንም ሳያሳምሩ ነገሯት።

«አሁኑኑ ደውዬ ለይበልጣል እነግረዋለሁ፤» አሉ በመጨረሻ።

«የለም፣» አለች ወንጌላዊት። ድምፅዋ ትሑት ነበር፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። «እባክዎ አይንገሩት። እርስዎ ባሉት ተናድጄ ነበር፤ የሰበረኝ ግን የእሱ ዝምታ ነው። ያን ስብራት ሌላ ሰው ሊጠግንልኝ አይችልም።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅቷን በደበዘዘ ዓይናቸው አዩዋት። ስለ ጥቁር ካባው አላሰቡም። ልጃቸው ይህችን ሴት ሊያጣ እንደሚችል ብቻ ታያቸው፤ ፈሩም።

*

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሳምንት ወንጌላዊት ደባርቅ ሄደች። ለይበልጣል አልደወለችም። መኪናው ዳባትን አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባ ጀመር። አጠገቧ የተቀመጠችው ገበሬ ሴት ወንጌላዊት ነጠላዋን ስታጣብቅ አይታ የጋቢዋን ጫፍ ጣል አደረገችላት፤ እስኪደርሱ ድረስ ስለ ገብስ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ወገብ ሕመም ተጫወቱ። ወንጌላዊት ወግ ለመጀመር ከአሁን ወዲያ የማንም ግፊት እንደማያስፈልጋት ገባት።

መናኸሪያው አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ገብታ የቤቱን ባለቤት ጠየቀች። ሴትየዋ የትነበርሽ ትባላለች፤ ሰፊ፣ ፈጣን ሴት ናት።

«ይቅርታ፣ ይበልጣል የሚባል የውኃ መሐንዲስ ያውቃሉ?»

የትነበርሽ ብርጭቆውን አስቀምጣ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ወንጌላዊት ነሽ?»

«እንዴት አወቁኝ?»

«ምነው! አንችን የማያውቅ ማን አለ እዚህ? ባለበቅሎዎቹ ያውቁሻል፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ታውቅሻለች። ‹ጠይም ናት፣ ስትደነግጥ አፏን በእጇ ትሸፍናለች› ይላል።»

ወንጌላዊት አፏን በእጇ ሸፍና ነበር።

«ክረምቱን ሙሉ እዚህ ተቀምጦ ላገኘው ሁሉ ስላንች ሲነግር ነው የከረመ፤» አለች የትነበርሽ። «ስለ አባትሽም ነግሮናል። ‹እንዲያ ያለ ሰው ሲሰደብ ዝም አልኩ› ይላል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ‹ታዲያ ለእኛ ምን ትነግረናለህ፣ ለእናትህ ንገራት እንጅ› ቢሉት ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ሸጋ ልጅ ነው እኮ። ብቻ ፈሪ ነው።»

ወንጌላዊት ስትወጣ ደስ ይበላት ወይ ትናደድ አታውቅም ነበር። የትነበርሽ የጠቆመቻትን መንገድ ይዛ ቁልቁል ወረደች።

ይበልጣልን ያገኘችው ከከተማው ግርጌ ካለ ምንጭ ላይ ነው። ጀሪካን ይዘው ወረፋ ከሚጠብቁ ሴቶች ፈንጠር ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ሲያያት ሊሮጥ ተነሣና መሐል መንገድ ላይ ቆመ፤ የሚገባው መስሎ ስላልታየው።

«መጣሽ?»

«ለደባርቅ ሰው ሁሉ ነግረሃል።»

አንገቱን ደፋ። «አዎ።»

«ለባለበቅሎው፣ ለሻይ ቤቷ፣ ለዳቦ ጋጋሪዋ። ለእናትህ ብቻ አልነገርክም!» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ሴቶቹ ዞር አሉ። «እኔ የወደድኩህ የማታውቀውን ሰው ሰው ብለህ ስለምታናግር ነው። ለካ የምትፈራው የሚያውቅህን ነው። መንገደኛ ምን ያደርግሃል? ሰምቶህ ያልፋል። አባቴ ያን ቀን ስለ እሱ የሚናገር አንድ አፍ አጣ፤ ያ አፍ ያንተ ነበር።»

 ነፋሱ የገብሱን ማሳ አስተኝቶ አለፈ።

«አባቴ ከሞተ ጀምሮ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «እማዬን ከማሳዘን ዝም ማለት ይቀለኛል። ደግነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ዝም ማለቴ አንቺንም እሷንም እንዳሳጣኝ አይቻለሁ። ሳልነግራት ከእንግዲህ ፊትሽ አልቆምም።»

ስልኩን አወጣ። ወንጌላዊት አፏ ላይ ቃል መጣ። «እናትህ ከአባቴ ጋር ታርቀዋል» ብትለው ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። ዋጠችው። ቁጥሩን ሲነካ አየች፤ ልታቅፈው ፈለገች፤ አላቀፈችውም።

ይበልጣል ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣ። ነፋሱ ስለሚጮህ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈተ።

«እማዬ... ደኅና ነኝ። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እስክጨርስ አታቋርጪኝ። የዚያን ቀን ምሳ ላይ ያልሽው ነገር ልክ አይደለም። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ፈርቼሽ ዝም አልኩ። መሪጌታ ገብረ ኪዳን የለመኑት ለመማር ነው፤ አንቺ ተማሪ ከማንም በላይ የምትወጂ ሰው ነሽ። ወንጌላዊትን ነው የማገባው። አብረሽኝ ብትሄጂ ደስታዬ ነው። ባትሄጂም እወድሻለሁ፤ ግን ብቻዬንም ቢሆን ሄጄ ደጃቸው እቆማለሁ።»

ከስልኩ ምንም አልተሰማም። ይበልጣል ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«እማዬ?»

«ደግመህ በለው ልጄ፤» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ። «ነፋሱ ድምፅህን ወሰደብኝ። ጮክ በል።»

ይበልጣል ደገመው። አሁን ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። የሚናገረው ጮክ ብሎ ስለነበር ምንጩ ዳር ያሉት ሴቶች ጀሪካናቸውን ትተው ያዳምጡት ጀመር፤ አንዷ እልል ልትል ስትል ሌላዋ አፏን ያዘቻት። ሲጨርስ የእናቱ ድምፅ ተሰማ፤ ስለሚያለቅሱ ቃሉ ይቆራረጥ ነበር።

«ሰማሁ። ሁለቴም ሰምቼዋለሁ። አባትየውን አግኝቻቸዋለሁ ይበልጣል፤ ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ። ልጅቷ እንዳልነግርህ አደራ ብላኝ ነው። ና በቃ፤ አብረን እንሄዳለን።»

ይበልጣል ስልኩን ዝቅ አደረገ። ወደ ወንጌላዊት ዞረ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ስትናገር መስማት ፈልጌ ነው።»

ይቆጣ ይሆን ብላ ጠበቀች። አልተቆጣም። ከጉብታው ወርዶ ፊቷ ቆመ። ወንጌላዊት ክረምቱን ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሲለቅቃት ተሰማት። እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች። እንባዋን ልታቆመው ሞከረች፤ ቢያቅታት ተወችው፤ ሴቶቹ ሁሉ እያዩዋት፣ ሳትደበቅ፣ ደስ ብሏት አለቀሰች።